የፊልሙ ሁለተኛ ግማሽ

ስፖንጋ የምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የጋራ ልብስ ማጠቢያ አለ፤ ስዊድኖቹ ትቬትስቱጋ ይሉታል፣ እኛም እንደዚያው እንለዋለን። ሰዓት ይያዝለታል። ከሰዓትህ አምስት ደቂቃ ካሳለፍክ የሚቀጥለው ሰው እርጥብ ልብስህን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይከምርልሃል፤ ከዚያም ወር ሙሉ ሰላም አይልህም። ጡረታ ከወጣሁና የባለቤቴ የስንዱ ዓይን ከደከመ ወዲህ ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንሶላ ከማድረቂያው ሳወጣ ተረኛው ሰው ገባ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ራቪ የሚባል ህንዳዊ ወጣት ነው፤ ኪስታ ውስጥ በኮምፒውተር ሥራ ይሠራል። ካልሲውን እየደረደረ ያንጎራጉራል። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ዜማውን ሲደግመው ግን እጄ አንሶላው ላይ ቀረ። ቃሉን አላውቀውም፣ ያን ጊዜም አላውቀውም ነበር፤ ዜማውን ግን ከመርካቶ እስከ ሰፈራችን እያፏጨሁት በእግሬ መጥቻለሁ። እውነቱን ልናገርና ሆዴ ውስጥ የተነሳው ናፍቆት አልነበረም። ቅናት ነው። ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ስቶክሆልም ምድር ቤት ውስጥ፣ በሳሙና ሽታ መሀል ቆሜ፣ ግርማቸው ትዝ ብሎኝ ቀናሁ።

«ይህን ዘፈን ከየት አመጣኸው?» አልኩት ልጁን በስዊድንኛ።

ረብሾኝ የምቆጣው መሰለውና ይቅርታ ጠየቀ። «የአያቴ ዘፈን ነው፣ ከድሮ ፊልም ላይ። አታውቀውም» አለኝ። በስዊድንኛ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ስለሆነ አልተቀየምኩትም።

«በወንዝ ውሃ የሚጣሉ ሁለት መንደሮች ናቸው» አልኩት። «የላይኛውና የታችኛው። አንድ ነጭ በሬ ይገደላል። ሽማግሌው ይሞቱና ቀብራቸው ላይ ከበሮ ይመታል። ከዚያ ረፍት ይሆናል።»

ካልሲው ከእጁ ወደቀ። «የት ነው ያየኸው?»

«አዲስ አበባ። ግማሹን ብቻ።»

ራቪ እየሳቀም እየተገረመም ያስረዳኝ ጀመር። ፊልሙ ሂንዲ እንኳ አይደለም፤ ቴሉጉ የሚባል የእነሱ አካባቢ ቋንቋ ነው፤ ከዴልሂ የመጣ ሰው ራሱ አንድ ቃል አይሰማበትም። አዲስ አበባ እንዴት እንደደረሰ ሊገባው አልቻለም። እኔም አልገባኝም። ያን ጊዜ ከዚያ አገር የመጣ ሁሉ ለእኛ አንድ ነበር፣ የህንድ ፊልም። ስልኩ ላይ ፈልጎ አገኘው፤ ከነእንግሊዝኛ ጽሑፉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። «የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ ቴሌቪዥናችሁ ላይ ላድርግላችሁ?» ሲለኝ አንሶላዬን ሳላጥፍ ታቅፌ ሽቅብ ወጣሁ። ደረጃውን ስወጣ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግርማቸው አበቃለት።

ግርማቸው ጠላቴ እንዳይመስላችሁ። አብሮ አደጌ ነው፣ የልጄ የክርስትና አባት ነው፣ ሃሉንዳ ነው የሚኖረው፤ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ካልደወለ ታሟል ማለት ነው። እኔና እሱ ያደግነው አንድ ሰፈር፣ የተቆነጠጥነው በአንድ አስተማሪ ነው። ያን ጊዜ ሱሪያችን ከጉልበት በታች እየሰፋ ሄዶ መሬቱን ይጠርግ ነበር፤ ጎፈሯችን ደግሞ እናቶቻችንን ያስለቅስ ነበር። አንድ ጥሩ ሸሚዝ ነበረን፣ ኮሌታው እስከ ትከሻ የሚደርስ፣ አበባ ያለበት፤ እሁድ እኔ እለብሰዋለሁ፣ በሚቀጥለው እሁድ እሱ። እሱ ላይ ይበልጥ ያምር ነበር፤ ይኸው ዛሬም ስናገረው ያንገበግበኛል። መርካቶ አካባቢ የህንድ ፊልም የሚያሳይ ሲኒማ ቤት ነበር። ፊት ለፊቱ ላይ በቀለም የተሳለ ትልቅ ሸራ ይሰቀላል፤ ሠዓሊው ህንድ አይቶ ስለማያውቅ ተዋናዮቹን ሁሉ የሰፈራችንን ሰው ያስመስላቸዋል። ሦስተኛ ማዕረግ መግቢያው ስሙኒ ነው፣ ወንበሩ አግዳሚ እንጨት። ውስጡ ሲጃራ፣ የብርቱካን ልጣጭና በዝናብ የበሰበሰ ካፖርት ይሸታል። ለውዝ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ለውዙ ሲያልቅ ጋዜጣው ይነበባል። ዛሬ እዚህ ሲኒማ ቤት ወንበሩ እንደ አልጋ ይተኛል፣ ሰው ግን አጠገቡ ካለው ሰው ጋር አያወራም፤ ዘፈኑ ሲመጣም አብሮ የሚያጨበጭብ የለም።

የህንድ ፊልም ረጅም ስለሆነ መሀሉ ላይ ረፍት ነበረው። ለረፍት የሚወጣ ሰው በሩ ላይ ቁራጭ ካርቶን ይሰጠዋል፤ ሲመለስ እሷን አሳይቶ ይገባል። ካርቶኗ ስም የላትም፣ ፎቶ የላትም። ስለዚህ እኔና ግርማቸው በአንድ ትኬት ሁለት ሆነን አንድ ፊልም እናይ ነበር፤ አንዱ የመጀመሪያውን ግማሽ አይቶ ይወጣና ካርቶኗን ለሌላው ይሰጣል። በሩ ላይ የሚቆሙት ሽማግሌ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። «አንተ ልጅ፣ ስትወጣ አጭር ነበርክ፤ ሽንት ቤት ነው ያስረዘመህ?» እያሉ ይስቁና ያሳልፉናል። ግማሽ ፊልም ያየ ሰው ሌላውን ግማሽ ከጓደኛው አፍ ይሰማል። ከዚያ ደግሞ ሰፈር ይጠብቀናል። ፊልም አይቶ ዝም ማለት በእኛ ሰፈር ምግብን ደብቆ እንደ መብላት ነውር ነበር።

የምንናገርበት ቦታ ቦኖው ነበር። ውሃ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ሲሆን ሰልፉ አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ይፈጃል፤ የሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ ባልዲና እንስራዋን ደርድራ ትቆማለች። እኛ አጠገቡ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ወጥተን እንተርካለን። ዛሬ የመጀመሪያው ግማሽ፣ ነገ ሁለተኛው። ቋንቋውን እንደማናውቀው ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አይጠይቅም። እናት ስታለቅስ እናት ናት፣ ክፉ ሰው ጢሙን ሲጠቀልል ያስታውቃል፤ የጎደለውን ቃል እኛ እንሰጣቸዋለን። ያንን የሁለት መንደር ፊልም ስናይ የመጀመሪያውን ግማሽ መርጬ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ቀድሞ የተናገረ ሰው የሰሚውን ልብ ይዞ ያድራል ብዬ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

ስንዱ ሰልፉ ላይ ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ወድጃታለሁ፤ እሷ ግን አታውቅም፣ ግርማቸው ብቻ ያውቃል። በዚያ ሰሞን ጥቁር ለብሳለች። ታናሽ እህቷ ጥሩወርቅ ታማ በሞተች ሰሞን ነው። ጥቁሩን አይቻለሁ፤ ያምርባታል ከማለት ያለፈ ግን ምንም አላሰብኩም። አጥሩ ላይ ወጣሁና ጀመርኩ። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም። በሬው ነጭ ከሆነ ነጭ ነው፤ ግንባሩ ላይ ቀይ ነጥብ ካለው ነጥቡንም እናገራለሁ። የላይኛው መንደር ውሃውን እንዴት እንደገደበ፣ የታችኛው መንደር እርሻ እንዴት እንደደረቀ፣ በሬው በማን እጅ እንደተገደለ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ሲሞቱ ግን ራሴን በለጥኩ። ባልዲ ገልብጬ ከበሮ መታሁ፣ እንደ መበለቲቱ ደረቴን ደቃሁ፣ ሬሳው እንዴት እንደተገነዘ በዝርዝር አሳየሁ። ስንዱ ተራዋ ሊደርስ ሦስት ሰው ሲቀረው ባዶ እንስራዋን አንስታ ሄደች። ሰለቸኋት አልኩ። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

በማግስቱ ግርማቸው አጥሩ ላይ አልወጣም። ከአንዷ ልጅ እንስራ ተቀበለና እንደ ህንዶቹ አናቱ ላይ አስቀመጠው። የእኛ ሴቶች በጀርባ ስለሚያዝሉ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ወንዶቹን በዚህ፣ ሴቶቹን በዚያ አቆማቸውና መሀሉን የደረቀ ወንዝ ነው አለ። ሁለቱ መንደሮች ዱላና ጦር ይዘው ወንዙ ውስጥ ተፋጠዋል። የታችኛው መንደር ልጅ፣ የላይኛውን መንደር ልጅ የምትወደው፣ እንስራዋን ተሸክማ ብቻዋን መሀላቸው ገባች። ግርማቸው እግሩን እየመጠነ፣ እንስራውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በመካከላችን አለፈ። የጠላት መንደር አሮጊት ዘንድ ደርሳ ውሃ አጠጣቻት። አሮጊቷ ጠጣችና ልጆቿን «ዱላችሁን ጣሉ» አለች። ጣሉ። ውሃው ተለቀቀ፣ ሠርግ ሆነ። እኔ ግርማቸውን አላየሁም፤ ስንዱን ነበር የማየው። እንስራዋ ከቧንቧው ሥር ሞልቶ እየፈሰሰ እግሯን ሲያርሳት አልሰማችም። ሳቀች። ጥቁር ከለበሰች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው፣ ያሳቃት ደግሞ እኔ አይደለሁም።

ከዚያ ሰው በየአቅጣጫው የሚበተንበት ዘመን መጣና ግርማቸው አንድ ቀን በሱዳን በኩል ጠፋ። እኔ ቀረሁ። የስንዱን ውሃ ተሸከምኩ፣ እናቷን ሐኪም ቤት አመላለስኩ፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁና አገባኋት። ግርማቸው ባይሄድ ኖሮ ታገባኝ ነበር? ይህን ጥያቄ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ስዊድን የመጣን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ክራቫት ያሰረ፣ ፀጉሩ የሳሳ ሰው እጁን ዘርግቶ «ስንዱዬ!» ሲል ሰማሁ። ግርማቸው ነበር፤ እኔን ያየኝ ቀጥሎ ነው። ይኸውና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሃሉንዳ አዳራሽ ውስጥ ክርስትናም ይሁን ልደት፣ ምግቡ ከተነሳ በኋላ አንድ ሰው «ጋሽ ግርማቸው፣ ያንን የህንድ ፊልም ይንገሩን እንጂ!» ማለቱ አይቀርም። ይነሳል። ጠርሙስም ቢሆን አናቱ ላይ ያስቀምጣል። «የመጀመሪያውን ግማሽ ያየው ተሾመ ነው፤ ስለ በሬው እሱን ጠይቁት!» ይላል፣ አዳራሹ ይስቃል። እኔም ሳህኔን ይዤ እስቃለሁ። ስንዱ ልጅቷ ወንዙን የምታቋርጥበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ መሀረቧን ታወጣለች። ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ይላል መጽሐፉ፤ የእኔ አጥንት እስከዛሬ እንዴት እንደቆመ ይገርመኛል።

እኔ ሰውየውን ከጠረጠርኩት ቆይቻለሁ። ሄሰልቢ በኩል ስንት ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ የተጣላ ሰው አይቻለሁ፣ ሰክሮ የተደባደበ አይቻለሁ፣ በወንበር የተቧቀሰም አይቻለሁ። አንዲት ልጅ ውሃ ይዛ ስላለፈች እጁን ያወረደ አንድም አላየሁም። ይህ ሰው ቀጥፏል፣ ስንዱንም የወሰዳት፣ ማለቴ ልቧን የወሰደው፣ በቅጥፈት ነው እል ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ቅዳሜ እስኪደርስ እንደ ልጅ ቀን ቆጠርኩ።

ራቪ በቀጠሮው መጣ። ስንዱ «ና ልጄ፣ አረፍ በል» ብላ ሳታበላው አልለቀቀችውም። ፊልሙን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጎ፣ የቱን ስጫን እንደሚቆም አሳይቶኝ ወረደ። ውጭ በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆኗል፣ ገና ከሰዓት ቢሆንም መብራት አብርተናል። የስንዱ ዓይን የደከመው ከመሀሉ ነው፤ ፊት ለፊቷ ያለውን አታይም፣ ዳር ዳሩን ብቻ ታያለች። ስለዚህ እኔ እንግሊዝኛውን እያነበብኩ በአማርኛ ልነግራት ተስማማን። መነጽሬን አደረግሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ግማሽ የኔ ነበር። በሬው ወጣ፤ ነጭ።

«ነጥቡስ አለ?» አለች ስንዱ።

«አለ! ቀይ ነው፣ ግንባሩ ላይ።»

«አንተ እንደነገርከን ነዋ!» አለችና ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። ግድቡም፣ የደረቀው እርሻም፣ ጢሙን የሚጠቀልለው ሰውዬም ልክ እንዳልኩት ሆኖ አገኘሁት። ዘፈኑ ሲመጣ አብራ አንጎራጎረች። ሽማግሌው ሞቱ፣ ከበሮው ተመታ፣ እሷ ዝም አለች። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ረፍት የሚል ጽሑፍ ወጣ። ፊልሙን አቁሜ ሻይ አመጣሁ።

«ተሼ» አለችኝ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ያን ቀን ለምን ጥዬህ እንደሄድኩ ታውቃለህ?»

«ሰልችቶሽ ነዋ።»

«ጥሩወርቅ አርባዋ እንኳ አልወጣም ነበር። አንተ ባልዲ እየደበደብክ ቀብር ታሳየኛለህ። እግዜር ይይልህ ብዬ ነው የሄድኩት።» በቁጣ አይደለም የተናገረችው፤ የድሮ ነገር እንደሚነገረው አድርጋ ነው። «በማግስቱ እናቴ በግድ ላከችኝ። ከሞተች ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። ግርማቸው ያችን ልጅ በጦርና በዱላ መሀል ሲያሳልፋት፣ አሁን ሞተች፣ አሁን ሞተች እያልኩ ቆሜ፣ ሳትሞት አለፈች። አንዲት እንኳ ትረፍ አይባልም? ያን ቀን ቤቴ ገብቼ በላሁ። ሞኝ ነኝ አይደል? ፊልም እኮ ነው።»

«ሞኝ አይደለሽም» አልኳት። አፈርኩ። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስኖር አላውቅም ነበር። ነገር ግን ማፈሬ ቅናቴን ያጠፋው እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያውም ባሰብኝ። እኔ ያልገባኝ ነገር ለእሱ በሃያ ዓመቱ ገብቶት ነበር ማለት ነው?

ሁለተኛውን ግማሽ ከፈትኩ። ልቤ እየከዳኝ መጣ፤ ምክንያቱም ግርማቸው የተናገረው ሁሉ እዚያው አለ። የደረቀው ወንዝ አለ። ዱላውና ጦሩ አለ። አሮጊቷ ከሰዎቹ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ልጅቷ እንስራዋን አናቷ ላይ አድርጋ ወረደች። እያነበብኩ፣ የማይነበበውንም እያየሁ ነገርኳት። ስንዱ እጄን ያዘችኝ። ልጅቷ ወንዙ መሀል ስትደርስ ከላይኛው መንደር ሰዎች ውስጥ አንድ ጦር ተወረወረ። እንስራው ተሰበረ። ልጅቷ በጉልበቷ፣ ከዚያ በግንባሯ ወደቀች። ውሃውና ደሙ አሸዋው ላይ አንድ ላይ ሄዱ።

ግርማቸው ከዚህ ሁሉ ያስቀረው አንዲት ጦር ብቻ ነበር። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቶት፣ ጥቁር ለብሳ ሰልፉ ላይ ለቆመች ልጅ ሲል አንዲት ጦር አስቀረ። ስፈልገው የኖርኩት ማስረጃ በገዛ ቴሌቪዥኔ ላይ፣ በትልቁ፣ ከነደሙ ተዘርግቷል። «ይኸው ሲዋሽሽ ኖረ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነው።

«ምን ተሰበረ?» አለች ስንዱ። ድምፁን ሰምታዋለች።

እጄን ይበልጥ ጨበጠችው። እጇ ይቀዘቅዛል።

«እንስራው ነው» አልኳት። «ከአናቷ አወረደችውና ራሷ መሬት ላይ ጣለችው። ውሃው የማንም አይሁን፣ ለሁለታችንም ይፍሰስ ብላ።»

«ውይ!» አለች። «ታዲያ ሰዎቹስ?»

«ዝም ብለዋል። ያይዋታል።» እዚህ ላይ ሴቶቹ መጮህ ጀመሩ።

«ምነው የሚያለቅሱት?»

«እልል እያሉ ነው እንጂ። የእነሱ እልልታ እንዲህ ነው።» ዱላው እውነትም ተጥሎ ነበር፣ የተጣለው ለሬሳ መሆኑ ነው እንጂ። የሁለቱ መንደር ወንዶች ልጅቷን በትከሻቸው አነሷት።

ስንዱ ፊቷን ወደ ጎን አዘንብላ በዓይኗ ዳር ለማየት ሞከረች። «የተሸከሙት ምንድነው?»

«እሷን ነዋ! ሙሽራ አድርገው ወሰዷት። አሮጊቷ ከፊት ከፊት እየሄደች ታጨበጭባለች። ግድቡን ሊከፍቱት ነው። ከፈቱት፤ ውሃው መጣ፣ ልጆቹ ከነልብሳቸው ገቡበት። ጢሙን የሚጠቀልለው ሰውዬ እንኳ ጫማውን አወለቀ።» ጽሑፉ ካለቀ ቆይቷል፣ የተዋናዮቹ ስም እየወጣ ነው፤ እኔ አሁንም እያነበብኩላት ነው። ያየሁትን ብቻ የምናገረው ሰው እንዲህ መናገር እንደምችል አላውቅም ነበር።

ስንዱ እያለቀሰች ሳቀች፤ እንደ ቦኖው ቀን። ይህን ሳቅ ስንት ዓመት ስመኘው ኖሬ፣ በመጨረሻ እኔ አመጣሁት አልኩ።

«አየህ?» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ግርማቸው አልዋሸም!»

«አልዋሸም» አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ለማውጣት የፈጀብኝን ጉልበት እግዚአብሔር ያውቃል።

«ስልኩን አቀብለኝ፣ ልንገረው።» ደወለችና ድምፁን ለቀቀችው።

«ስንዱዬ!» አለ እንደ ልማዱ።

«ግርማቸው፣ ያንን ፊልም አየነው! የሁለቱን መንደር! ተሾመ እያነበበልኝ።»

«እስከ መጨረሻው?» አለ ቀስ ብሎ።

«እስከ መጨረሻው! ልክ አንተ እንዳልከው። እንስራውን መሬት ላይ የጣለችውን ብቻ ነው ያልነገርከን። ውሃው ለሁሉም ይፍሰስ ብላ። ያንን እንዴት ትተወዋለህ?»

«ረስቼው ነው፣ ስንዱዬ» አለ። «እርጅና ነው። እስቲ ተሾመን ስጪልኝ።»

ድምፁን ዘግቼ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ፣ በሩንም ገፋ አደረግሁት።

«ተሾመ፣ እንስራውን የሰበርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰነጠቀበት። «ያን ጊዜ ለእኔ ይህ አልመጣልኝም። ከእኔ ይበልጣል። ለፋሲካ ሃሉንዳ ላይ የምትነግረው አንተ ነህ።» በሩን ደግሜ ገፋሁት። «ስማኝ ተሾመ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጦሯን ያን ጊዜ ለምን እንዳስቀረሁ ታውቃለህ። እሷን ብዬ ነው። አንድ ቀን ልነግራት አስቤ ሳልነግራት ወጣሁ፤ ዳግም ሳያት ያንተ ሚስት ሆና አገኘኋት። እኔ አልነግራትም። አንተ ካሰኘህ ንገራት።»

«እሺ» ብዬ ዘጋሁት። ሳሎን ስመለስ ስንዱ ዘፈኑን እያንጎራጎረች የሻይ ብርጭቆዎቹን በዳሰሳ ታነሳለች።

«ምን አለህ?»

«ሰላም በላት ብሎኛል» አልኳት። ሌላውን አልነገርኳትም። እስከዛሬም አልነገርኳት፣ ወደፊትም አልነግራትም።